አሥራ አንድ አዝራርና የመስኮቱ ወንበር

ጋሽ እንቁላል ሰዓት ጠጋኝ ነው። እናቱ ያወጣችለት ደህና ስም ነበረው። ግን ደንበኛ መጥቶ «ሰዓቴስ?» ባለው ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለ ስለሚመልስ፣ ሰዉ መጀመሪያ «እንቁላል የሚለው ሰውዬ» አለው፣ ቀጥሎ «የእንቁላሉ ሰውዬ» አለው፣ በመጨረሻ ማን በከንቱ ይደክማል ብሎ «እንቁላል» አለውና ተገላገለ። «ጋሽ»ን የጨመርንለት እኛ ነን። ሥራ ቦታ ላይ መከባበር ጥሩ ነው።

ሙያውን ያስተማረው አጎቱ ነው። አጎትየው አንድ የማይሠራ የጠረጴዛ ሰዓት ሰጥቶት «ይህን ፈትተህ፣ መልሰህ ገጥመህ፣ ምንም ካልተረፈህ ሰው ትሆናለህ» አለው። ሦስት ብሎን ተረፈው። ሰዓቱ ግን ሠራ። አጎቱ ምን እንደሚል ስላላወቀ ዝም አለ፣ እሱም ዝም ማለቱን እንደ ምርቃት ቆጠረው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት የሰው ሰዓት ሲያስተካክል ኖሯል። ቤቱ ያሉት አራት ሰዓቶች ግን አንዱ ከአንዱ አይስማማም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ? ሚስቱ ሰዓት ማወቅ ስትፈልግ ጎረቤት ትጠይቃለች።

የምንሠራው አራት ሆነን በአንድ ክፍል ነው። እሱ ሰዓት፣ እኔ ጫማ፣ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፣ አንድ ማኅተም ቀራጭ አለ። ክፍሉ እንደ ባቡር ፉርጎ ረዝሞ የሄደ ነው፤ በአንዱ ጫፍ በር፣ በሌላው ጫፍ አንድ መስኮት። መስኮቱ ሥር የሚገባው አንድ የሥራ ጠረጴዛ ብቻ ነው። የቀረነው በአምፖል ነው። አምፖሉም ልብስ ሰፊዋ ካውያዋን በሰካች ቁጥር ይደነግጣል፤ ይቀላል፣ ትንሽ ያስባል፣ ይመለሳል።

በበጋ ችግር የለም። በሩን ስንከፍት ብርሃን እስከ መሀል ይገባል። ክረምት ሲገባ ግን በሩ ይዘጋል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ መስኮቱ ወርቅ ይሆናል። ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር ትሰፋለች። ማኅተም ቀራጩ ፊደሉን ገልብጦ ነው የሚቀርጸው፤ አንድ ክረምት በር ሥር ተቀምጦ አንዷን ፊደል ሳይገለብጥ ቀርጾ፣ ማኅተሙ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ያቺ ፊደል ለብቻዋ ለጓደኞቿ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። እኔ መስኮቱን የምፈልገው ለማስቲሹ ሽታ ነው። እነሱም የኔን ተራ የሚወዱልኝ ለዚሁ ነው።

ድሮ በተራ ነበር። ተራ ጠብ አመጣ። አንዱ ይታመማል፣ ቀኑ ለማን ይሁን? አንዱ ለቅሶ ይሄዳል፣ ሲመለስ ቀኔን መልሱልኝ ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ ሳንነጋገር ከሠራን በኋላ ማኅተም ቀራጩ ፖከር ይሁን አለ። ሚስቶቻችን ገንዘብ ከገባበት ቤት እንዳትመጡ ስላሉን ገንዘብ የለበትም። ከልብስ ሰፊዋ ቆርቆሮ ለእያንዳንዳችን ሃያ ሃያ አዝራር ይታደላል። ክረምቱ ሰማንያ የሥራ ቀን ነው፤ አንድ አዝራር አንድ ቀን። ክረምቱ ሊገባ ሲል ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንቀመጣለን። ስንነሣ እጅህ ላይ ስንት አዝራር ካለ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ያን ያህል ቀን ነው። ባዶ እጁን የተነሣ ክረምቱን በር ሥር ይከርማል።

ሕግ ብዙ የለንም። ከጨዋታ የወጣ ሰው ድንጋይ ነው፤ አይናገርም፣ ሳል ቢመጣበት እንኳ ውጭ ወጥቶ ነው። የቀረውን አዝራር በሙሉ አንዴ የሚገፋ ሰው «ጠራረግሁ» ይላል። ሌላው ወይ ባለው ልክ ይከተለዋል፣ ወይ ካርታውን ጥሎ ይወጣል። ለማሰብ የጊዜ ገደብ የለም። ይህን ያስወሰነው ጋሽ እንቁላል ነው።

ያን ቅዳሜ የጋሽ እንቁላል ቀኝ ዓይን ሞራ እንደለበሰ አናውቅም ነበር። እኔ አሁን ስለማውቅ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም።

ሰዓት ጠጋኝ የሚሠራው በአንድ ዓይን ነው። ያቺን ጥቁር አጉሊ መነጽር ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ ገጥሞ፣ በቅንድቡ ነክሶ ይይዛታል። የጋሽ እንቁላል የሥራ ዓይን ቀኙ ነው። ግራው ሠላሳ ዓመት ተጨፍኖ የኖረ ነው፣ እንዲያው ሳይሠራ ደመወዝ የሚበላ። በድብቅ ሐኪም ቤት ሄዶ ሞራው ይገፈፋል ብለውታል፤ ተራው ግን ክረምቱ ሲወጣ ነው። እስከዚያ የመስኮት ብርሃን ካገኘ ቀኙ እንደ ነገሩ ይሠራል። በአምፖል ግን አንዷ ብሎን ሦስት ሆና ትታየዋለች። መካከለኛዋን ሊያነሣ ወረንጦውን ይሰዳል፣ የለችም።

ይህን የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው። ለእኛ ያልነገረው በማኅተም ቀራጩ ምክንያት ነው፤ እሱ ካወቀ አገር አወቀ። ዓይኑ የታመመ ሰዓት ጠጋኝ ጋ ደግሞ ማን ሰዓቱን ይተዋል? ስለዚህ ሐሳቡ ሌላ ነበር። ቅዳሜ ተጫውቶ አርባ ሃምሳ ቀን መስኮት ያገኛል፣ ረቂቅ ረቂቁን ሥራ በዚያ ይጨርሳል፣ በቀረው ቀን ማሰሪያና ባትሪ እየቀየረ ሐኪሙ ጋ ይደርሳል። አዝራሩ ካነሰ ሥራው ያድራል። ሥራው ሲያድር ደንበኛ ይጠይቃል፣ ደንበኛ ሲጠይቅ ነገሩ ይወጣል። ይኸው ነው የያዘው።

ዕጣ ወጥቶ ሲቀመጥ መስኮቱ በግራው በኩል ሆነ። ክፉ ቦታ ነው፤ ቀኝ ዓይኑ ጥላ ውስጥ ቀረ። በዚያ ላይ ካርታው የአሥር ዓመት ካርታ ነው፤ ብዙ ከመበወዙ የተነሣ ጨርቅ ሆኗል።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ደህና ሄደ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ አንድ፣ እሱ ሃያ ሁለት፣ ማኅተም ቀራጩ አሥራ ሰባት፣ እኔ አሥር ነበረን። የሚያድለው ማኅተም ቀራጩ ነው። ለእያንዳንዱ አምስት ካርታ ይሰጣል፣ አዝራር ይገፋል፣ ከዚያ የማትፈልገውን ጥለህ በምትኩ ሌላ ትቀበላለህ። ሌላ ጣጣ የለውም።

እኔ አምስት አዝራር ገፍቼ ነገሩ ስላላማረኝ ወጣሁ። ማኅተም ቀራጩ ዘጠኝ ድረስ ታግሎ ወጣ። ሁለታችንም ድንጋይ ሆንን። ጋሽ እንቁላልና ልብስ ሰፊዋ አሥራ አንድ አሥራ አንድ ገፍተው ሠላሳ ስድስት አዝራር መሀል ተከመረ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ፣ እኛ እትዬ ነው የምንላት፣ የቀሯትን ሃያ አዝራሮች በክንዷ ሰብስባ ወደ መሀል ገፋቻቸው።

«ጠራረግሁ።»

ይህን ያለችው ጨርቅ ስትለካ «ዘርጋው» በምትልበት ድምፅ ነው። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

ጋሽ እንቁላል ፊት አሥራ አንድ አዝራር ቀርቷል። ከተከተለ እነሱ ይገባሉ፤ እሷም ከሃያዋ አሥራ አንዱን ብቻ ታስገባለች፣ ዘጠኙ ይመለስላታል። ካሸነፈ ሃምሳ ስምንት ቀን መስኮት ሥር ነው። ከተሸነፈ ምንም የለውም፣ በር ሥር። ከወጣ ደግሞ አሥራ አንዷን ይዞ ይሄዳል። አሥራ አንድ ቀን ለሰማንያ ቀን ክረምት።

ካርታውን አነሣ። ምን እንደያዘ በኋላ ነግሮናል። አንዱ ጥቁር ነበር፣ እሱን ሊጥለው ነው። አራቱ ቀይ ናቸው። የልብ አስ፣ የልብ ሁለት፣ የልብ ሦስት። እነዚህ ላይ ያለው ምልክት ጥቂት ስለሆነ፣ ወረቀቱን ወዲህ ወዲያ ሲያደርገው ልብ መሆኑን ዓይኑ ለይቷል። አራተኛው አሥር ነው። ቀይ አሥር። አሥሩ ላይ ምልክቶቹ ተጨናንቀው እንደ ምስር ወጥ ተደባልቀውበታል። ልብ ይሁን ዳይመንድ አያውቅም።

አሥራ አንድ አዝራር ሲገፋ ግን ልብ ነው ብሎ ነው የገፋው። ሰው የሚፈልገውን ነገር ለማየት ብዙ ብርሃን አያስፈልገውም።

አሁን መቁጠር ጀመረ። በጨዋታችን አምስቱም ካርታ ልብ ከሆነለት የሚያሸንፈው የለም ማለት ይቻላል። አሥሩ ልብ ከሆነ አራት ልብ ይዟል፣ አንድ ነው የጎደለው። ያላያቸው ካርታዎች አርባ ሰባት ናቸው፣ ከነሱ ዘጠኙ ልብ ናቸው። ሰዓት ጠጋኝ ስለሆነ እንደ ጥርስ ነው ያያቸው፦ ባለ አርባ ሰባት ጥርስ መዘውር፣ ዘጠኙ ጥርስ ላይ ምልክት አለ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ታዞረዋለህ። ከአምስት አንዴ ይገኛል፣ ትንሽ ይጎድላል። የሚያስገባው አሥራ አንድ፣ የሚያገኘው አርባ ሰባት ነው፤ ከአራት እጥፍ ትንሽ ያልፋል። ደጋግሞ መዘነው። ሚዛኑ በፀጉር ያህል ወደ «ተከተል» አዘነበለ። አሥሩ ልብ ከሆነ።

ዳይመንድ ከሆነ ግን ምንም አልያዘም። አሥራ አንዱን ቀን ቆጥሮ ለእትዬ ማስረከብ ነው።

መደርደሪያው ላይ ያሉት የደንበኛ ሰዓቶች ብቻ፣ አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ፣ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። እኔ ማሳል ፈልጌ ዋጥሁት።

ማኅተም ቀራጩ ድንጋይነቱ አላስችል አለው። «ጋሼ፣ እንቁላሉ በእግሩ ይሄዳል ወይስ እንጥበሰው?» አለ።

«ድንጋይ አይናገርም» አለችው እትዬ፣ ሳታየው። ቀጥላ ለጋሽ እንቁላል፣ በጣም በለሰለሰ አንደበት፣ አሥራ አንድ ቀን ይዞ ቢወጣ ማንም እንደማይስቅበት፣ እሷ ራሷ አምና በስምንት ቀን እንደከረመች፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ እስከ ዛሬ መተረቻ እንደሆነች ነገረችው። እንዲህ ስትመክር ሰምቻት አላውቅም። ለባሏ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዲህ አልመከረችውም።

ጋሽ እንቁላል ካርታውን ወደ ቀኝ አዘነበለው፣ ወደ ግራ አዘነበለው። አንገቱን ወደ መስኮቱ ሊያዞር ጀመረና ተወው፤ ዞሮ ካየ ምን ሆንክ ይባላል። የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ አጉሊዋ አለች። ሠላሳ ዓመት ከዚያ ኪስ ወጥታ አታውቅም፣ ለሥራ ካልሆነ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ አወረደ። ላቡ ከጆሮው ኋላ ሲወርድ አይቻለሁ፤ ክፍሉ ግን ይቀዘቅዝ ነበር።

እሱ ያን ጊዜ የሚያስበውን አሁን እናውቃለን። ቢወጣ ሚስጥሩ ይተርፋል፣ አሥራ አንድ ቀን ግን የትም አያደርሰውም፤ በሁለተኛው ወር ነገሩ ይወጣል። ሳያይ ቢከተል ክረምቱን በሙሉ ምን እንደሆነ በማያውቀው ነገር ላይ ማስቀመጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ውስጡን ሳያይ አንድም ሰዓት ክዳን ገጥሞ አያውቅም። ሦስተኛው መንገድ ማየት ነው። ለማየት ደግሞ እኛ ፊት ማየት አለበት።

አጉሊዋን አወጣ።

በቀኝ ዓይኑ ገጠማት። አየ። ከአጉሊዋ ሥር ያገኘው ያው የምስር ወጥ ነው፣ ድስቱ ብቻ ተለቅ ብሏል። አወጣት፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋት፣ እንደገና ቀኙ ላይ ገጠማት። እኛ እስካሁን ምንም አልመሰለንም፤ በቀኙ መግጠም የሰውየው ልማድ ነው።

ከዚያ አጉሊዋን ከቀኙ አውጥቶ ግራ ዓይኑ ውስጥ አስገባት።

ለሌላ ሰው ምንም አይደለም። እኛ ግን ያን ሰው ሠላሳ ዓመት አብረነው ተቀምጠናል። እኔ ጫማዬን ግራና ቀኝ አለዋውጬ ባደርግ እንኳ እንዲህ አይገርምም። የግራ ቅንድቡ መንከስ አያውቅም፤ አጉሊዋ ሁለት ጊዜ ልትወድቅ አለች፣ በጣቱ ደገፋት። የማኅተም ቀራጩ አፍ ተከፈተ፣ ሳይዘጋም ቆየ። እትዬ የታጠፉ እጆቿን ፈታቻቸው።

ጋሽ እንቁላል አሥሩን ካርታ አፍንጫው ድረስ አምጥቶ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እንደ ጥርስ ቆጠራቸው። ብዙ ቆየ። ካርታዎቹን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አሥራ አንዱን አዝራር በጣቱ ጫፍ ወደ መሀል ገፋቸው።

«ተከተልኩ።»

«ጋሼ፣ በግራ?» አለ ማኅተም ቀራጩ።

«ቀኙ ታሟል። ካርታ ስጠኝ።»

ይኸው ነው። ዓመት ሙሉ የተደበቀው ነገር በአንድ ትንፋሽ ወጣ፣ ጣሪያውም አልወደቀም። እትዬ ዘጠኙን አዝራር መለሰች። ጋሽ እንቁላል ጥቁሩን ካርታ ጥሎ በምትኩ አንድ ተቀበለ፣ እትዬ ሦስት ጥላ ሦስት ተቀበለች። አየቻቸው። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ያ ፊት የደንበኛ ልብስ ሲያቃጥል እንኳ ምንም የለውም።

ጋሽ እንቁላል አዲሱን ካርታ ወደ ግራ ዓይኑ አመጣው። ሲያየው ትከሻው እንደ ለቀቀ ሞላ ወረደ።

«ጥቁር ነው» አለ። «አለቀ።» ካርታዎቹን በሙሉ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጎ ዘረጋቸው፣ አጉሊዋን አውጥቶ ኪሱ ከተተ፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ኮቱን ፈለገ። ኮቱን ለብሶት ነበር።

እኔ የተዘረጉትን ካርታዎች እያየሁ ነበር። ማኅተም ቀራጩም እያየ ነበር።

«ጋሼ፣ ቁጭ በል» አለው።

ሰውየው ቀይ ሲፈልግ ውሎ ጥቁር መሆኑን ሲያይ ማየቱን አቁሟል፤ ምን ዓይነት ጥቁር እንደሆነ አልተመለከተም። አስ ነበር። ጥቁር አስ። የልብ አስ አስቀድሞ ይዟል። ሁለት አስ ማለት ነው። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ተራ ጨዋታ ላይ በሁለት አስ አሥራ አንድ ቀን የሚያስቀምጥ የለም። ግን ነገሩ ያለው እትዬ እጅ ላይ ነው።

እትዬ ካርታዎቿን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ሁለት ሰባት። የቀሩት ሦስቱ ባዕድ ናቸው፣ አንዱ ከአንዱ አይተዋወቅም። አስ ደግሞ ከሰባት ይበልጣል።

«በሁለት ሰባት ነው ሃያ ቀን የጠረግሽው?» አላት ጋሽ እንቁላል። ጠጋ ብሎ በግራው አየ፣ ምናልባት ሌላ ነገር እንዳለ ብሎ።

«በሰባቱ አይደለም» አለች። «ባለፈው ሰኞ ጠዋት ስትገባ ‹እትዬ እንደምን አደርሽ› ብለህ ማንን ሰላም እንዳልክ ታውቃለህ? ልብስ የምለካበትን አሻንጉሊት። እኔ ከኋላህ ነበርኩ። ደህና አደርኩ ብዬ መልሼልሃለሁ፣ እንዳታፍር ብዬ።»

ማኅተም ቀራጩ ውጭ ወጣ። ሳል ነው አለ።

«ታውቂ ነበራ።»

«ዛሬ ደግሞ ካርታህን እንዴት እንደምትይዝ አየሁ። ምን እንደያዝክ አታውቅም። አጉሊዋን ለካርታ ብሎ እኛ ፊት አያወጣም፣ ከማውጣት ይሞታል አልኩ። በሱ ነው የጠረግሁት።»

«አውቀሽ?»

«ታዲያ ቁማር አይደለም እንዴ? ቀድመህ ዓይኔ ታሟል ብትለኝ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር። አዝራር አልሰጥህም ነበር፣ ግን በዚህ አልመጣብህም ነበር።»

እኔ ጋሽ እንቁላል የሚቀየም መስሎኝ መዶሻና ወረንጦ የት የት እንዳለ አየሁ። እሱ ግን የተናደደው በሌላ ነገር ነው። ልብ ጠብቆ በአስ ማሸነፉ አልዋጥ አለው። ሂሳቡን እንደገና ከመጀመሪያው ነገረን፣ መዘውሩን፣ አርባ ሰባቱን ጥርስ። «ለምን እንደሠራ የማላውቀውን ሰዓት ለባለቤቱ አልመልስም» አለ። ክምሩን ሊካፈላት ፈለገ። እትዬ ተቆጣች፤ አምና አንድ አዝራር አልመለሰላትም፣ ዘንድሮም እንዳይጀምራት። አዝራሮቹን ራሷ ሃምሳ ስምንት ብላ ቆጥራ ፊቱ አስቀመጠችለት፣ የራሷን ዘጠኝ በመሃረብ ቋጠረች። ለማኅተም ቀራጩ ስምንት፣ ለኔ አምስት ቀርቶናል። በዚያ ክረምት ሦስታችን ያገኘነው መስኮት ተደምሮ አንድ ወር አይሞላም።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ እንቁላል ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ወሰደ። ማክሰኞ አዞረው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በግራ ዓይኑ ያያት ያቺ የልብ አሥር ካርታ እንቅልፍ ነሥታዋለች። እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ካየ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ቀኙን እየለመነ ከሚከርም ግራውን ሥራ ሊያስጀምረው ወሰነ። ግን በግራ ዓይን ሲያዩ የገዛ እጅ ሥራው ላይ ጥላ ይጥላል፤ ብርሃኑ ከሌላ በኩል መምጣት አለበት። ጠረጴዛውን አዙሮ፣ ጀርባውን ለጎኑ ግድግዳ፣ ፊቱን ለእኛ ሰጥቶ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ማጅራቱን ስናይ ኖረን ፊቱን አየነው። ሲሠራ ምላሱን እንደሚያወጣ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነው። እጁ የሚሄደው ቀኙ ወደሚያውቀው ቦታ ነው፣ ዓይኑ ያለው ሌላ ጋ ነው፤ ወረንጦው አየር ይይዛል። ሐሙስ ቀን አንዲት ሞላ ፈነጠረችበትና አራታችንም በእንብርክካችን ክፍሉን አሰስን። ያገኘኋት እኔ ነኝ፣ ማስቲሽ ላይ ተጣብቃ።

ማኅተም ቀራጩ ደግሞ ሥራውን ሠርቷል። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ረቡዕ ሁለት ደንበኞች መጥተው፣ ቸኩለናል፣ ሰዓታችንን እንዲሁ ስጠን አሉ። ሰጣቸው። ሳይሠራ ለቆየ ሰዓት ምን እንዳስቸኮላቸው አልጠየቃቸውም። ዓርብ አንድ ሌላ ወሰደ። መደርደሪያው ላይ ቀጭ ቀጭ የሚለው እያነሰ ሄደ። እትዬ ማኅተም ቀራጩን ለብቻው በር ሥር አግኝታ ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሻይውን ክፍል ውስጥ ነው የሚጠጣው።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ሴትዮ መጣች። ከቦርሳዋ ያወጣችው የእጅ ሰዓት የጣት ጥፍር ታክላለች፤ የእናቷ ነበረች፣ ቆማለች። እንዲህ ያለችው ሰዓት ውስጧ ያለው ብሎን የአቧራ ቅንጣት ነው። ሴትዮዋ ሰዓቷን እንደያዘች፣ ሳትሰጠው፣ ጋሽ እንቁላልን አየችው።

«ዓይንዎን ያምዎታል ይላሉ» አለች።

የእትዬ የስፌት መኪና ቆመ። ማኅተም ቀራጩ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ሻይ አልዋጠም። እኔ በመዶሻዬ ጫማ የሌለበትን ሣንቃ ስመታ ራሴን አገኘሁት።

ጋሽ እንቁላል ምላሱን አስገባ። «አዎ፣ ቀኙን» አላት። «የምሠራው በግራው ነው። አዲስ ነው፣ ሦስት ሳምንቱ። ሳየው ጊዜ እወስዳለሁ። ቸኩለሽ ከሆነ ከዚህ በታች ሌላ ሠሪ አለ፣ ደህና ሰው ነው።»

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። መስኮቱን አየች። እኛን አንድ በአንድ አየችን፤ ሁላችንም ያልነበረንን ሥራ ያዝን። ከዚያ ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እናቴም አትቸኩልም ነበር» አለችና ሄደች።

ጋሽ እንቁላል አጉሊዋን ግራ ዓይኑ ውስጥ ገጠመ፣ ቅንድቡ ነከሰ፣ አልወደቀችም። የሰዓቷን ጀርባ ከፈተ። እትዬ መኪናዋን አስነሣች። እኔም የምመታው ጫማ መፈለግ ጀመርኩ።